በሕይወት ላለ ልጅ የመጣ መርዶ

ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የቆየች ወዳጄ ክንዴን ይዛ፣ «ሲስተር፣ እንኳን ተገላገልሽ። ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ዘመን የት ክፍል ነበር የምትሠሪው?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ «ልጆች ክፍል» እል ነበር። ውሸት አይደለም። ሰው ልጆች ክፍል ሲባል ትኩሳትና ሳል ይታየዋል፣ «እግዜር ይስጥሽ» ይላል፣ ወሬው በዚያ ያልቃል። የዚያን ዕለት ግን መደበቁም ከሥራው ጋር ጡረታ ይውጣ ብዬ እውነቱን ነገርኳት። ሲወለዱ ሴት ወይም ወንድ ተብለው የተመዘገቡ፣ እነሱ ግን ራሳቸውን እንደዚያ አድርገው የማያውቁ ልጆች የሚታዩበት ክሊኒክ ነበር አልኳት። ወዳጄ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወዲያ ወዲህ አየች፣ ከዚያ «ጉልበትሽንስ ተሻለሽ?» አለችኝ።

አልተቀየምኳትም። ለዚህ ነገር በአማርኛችን ደኅና ቃል የለንም፤ ያሉን ቃላት ስድብ ናቸው። ቃል ያጣ ሰው ስለ ጉልበት ቢጠይቅ ምን ይደንቃል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ ግን እሷ ብቻ አይደለችም። ጡረታ የወጣ ሰው ቴሌቪዥን ያያል። በቴሌቪዥኑ ስለ እኛ ዓይነት ክሊኒክ ሲከራከሩ እሰማለሁ። አንዱ ወገን ሁሉም ነገር የታወቀና የተረጋገጠ ነው ይላል፣ ሌላው ወገን ሁሉም ነገር ወንጀል ነው ይላል። ሁለቱም ሲናገሩ አይጠራጠሩም። እኔ እዚያ ውስጥ የኖርኩት ሴትዮ ግን ያን ያህል እርግጠኛ ሆኜ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስለዚህ የማውቀውን ያህል፣ የሰው ስም እየለወጥኩ ልጻፍ አልኩ።

እዚህ ሜልቦርን ከሱዳን ስመጣ በአዲስ አበባ የተማርኩት ነርስነት ዋጋ የለውም ተባለ። ዌሪቢ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሎች ማጠብ ጀመርኩ። እዚያ ሰው ገላ ላይ ውሃ ከማፍሰስ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ምን እንደሆነ ተማርኩ፤ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ያ ይበልጥ ጠቅሞኛል። እንግሊዝኛዬን እየጠገንኩ፣ ፈተና እየወደቅሁ እየተነሳሁ፣ እንደገና ነርስ ሆንኩ። የመጀመሪያዋ አለቃዬ ዘነቡ ማለት ስላቃታት «ዜን» ብላ ጠራችኝ፣ ዋርዱ ሁሉ ተከተላት። ከዚያ ወደ ልጆች ሆስፒታል ተዛወርኩ፤ የስኳር በሽታ ያለባቸው ልጆች ራሳቸውን መርፌ እንዲወጉ አስተምር ነበር። ስለ ደመወዙና ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም፤ ደመወዙ ያኖራል፣ ወረቀቱ አያልቅም።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጇ ጠርታ፣ «በታዳጊዎቹ ክሊኒክ ነርስ ጎድሏል፣ ለጊዜው ሂጂልን» አለችኝ። ምን ዓይነት ክሊኒክ እንደሆነ ስትነግረኝ በልቤ አማተብኩ። አልደብቅም፤ ደስ አላለኝም። ለጊዜው ነው ብዬ ሄድኩ፣ ለጊዜው ያሉኝ እስከ ጡረታዬ ዘለቀ።

እዚያ የጠበቀችኝ ሞሪን ናት። ሞሪን ከቪክቶሪያ ገጠር የመጣች፣ አባቷ ላም ያረቡ የነበሩ፣ ረጅም፣ ሽበታም፣ ወሬ የማትወድ ነርስ ነበረች። የሙያዬን ግማሽ ያስተማረችኝ እሷ ነች፣ ያውም ተቀመጪ ላስተምርሽ ሳትል።

ሞሪን የልጅ ስም ከበር ላይ ሆና አትጠራም ነበር። ሌሎቹ ክፍሎች በሩን ገፋ አድርገው፣ ወረቀቱን አይተው፣ ጮክ ብለው ይጠራሉ። የእኛ ልጆች ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የሚጠሩበት ስም ላይሆን ይችላል፤ ሰው በተሞላበት አዳራሽ ያ ስም ሲጠራ ፊታቸው ይለወጣል። ሞሪን ተነስታ እስከ ወንበራቸው ትሄዳለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ «ዛሬ ማን ብዬ ልጥራህ?» ትላለች። «ላም እንኳ እያየችሽ ነው የሚቀርቧት» አለችኝ አንድ ቀን። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ተናግራ አታውቅም።

ክፍሉ ውስጥ ካሉት ወንበሮች ዝቅተኛውን ራሷ ትወስዳለች። ደኅናውን ለእናት ወይም ለአባት ትተዋለች። ልጅ ከበሩ አጠገብ እንዲቀመጥ ታደርጋለች፣ መውጣት ከፈለገ ማንንም አልፎ እንዳይሄድ። ደም ስትቀዳ እጇን በሙቅ ውሃ ታጥባ፣ አድርቃ፣ ከዚያ ነው ክንድ የምትይዘው። «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» ስትል ሰምቻት አላውቅም። የሚያም ከሆነ ያማል ትላለች።

ወላጆች የሚጠይቋትን ሁሉ በሦስት ትከፍለዋለች። ይህን እናውቃለን፤ ይህን እንገምታለን፤ ይህን አናውቅም። የጉርምስናን ለውጥ የሚያቆየው መድኃኒት አጥንት ላይ ምን ያደርጋል? አጥንት በሚገነባበት ዕድሜ ጥንካሬው ሊያዘግም እንደሚችል እናውቃለን፣ ለዚህ ነው በማሽን የምንለካው። በኋላ ይካካሳል? እንገምታለን። ከሠላሳ ዓመት በኋላስ? አናውቅም። አንዳንድ ወላጅ በዚህ ይናደድ ነበር፤ ሐኪም ቤት የመጣሁት እርግጠኛ ነገር ልሰማ ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ «አናውቅም» የሚለውን ሲሰማ ትከሻው ዘና ይል ነበር፣ የተቀረውን እንግዲህ አምናለሁ እንደማለት።

ሰው እንደሚያስበው ልጅ መጥቶ በማግሥቱ መድኃኒት ይዞ አይሄድም። መጀመሪያ ወሬ ነው፤ ከሥነ ልቦና ባለሙያው ጋር፣ ከሐኪሙ ጋር፣ ከእኛ ጋር፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ። ብዙዎቹ የሚፈልጉት የሚሰማቸው ሰው ነበር። መድኃኒት ጭራሽ ያልወሰዱ አሉ። ወስደው የተስማማቸው፣ ዛሬ ሥራ ይዘው የሚያገኙኝ አሉ። ጀምረው የተዉም አሉ። በኋለኞቹ ዓመታት ልጆቹን ለረጅም ጊዜ በሚከታተል ጥናት ላይ ስሠራ፣ ሞሪን አጥብቃ ያስያዘችኝ ነገር የተዉትንና የጠፉትን መፈለግ ነው። «የቆዩትን ብቻ ከጠየቅሽ የምትሰሚው የቆዩትን ብቻ ነው» ትል ነበር። ስልክ አነሳለሁ። ልጅ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ፋይን» ይላል፣ ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን። ስለዚህ እኔ የራሴ ጥያቄ ነበረኝ። «ዛሬ ከማን ጋር በላህ?» እላለሁ። ልጅ ከማን ጋር እንደበላ ከነገረኝ፣ የቀረውን እኔ እደርስበታለሁ።

ሌላዋ የሞሪን ሕግ ይህች ነበረች፦ ወላጅ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ልጁ እዚያ አይሁን። «የመጀመሪያው ቃል ለልጅ ጆሮ አይደለም» ትላለች። ወላጅ ደንግጦ የተናገረውን በሳምንቱ ይረሳዋል፣ ልጅ ግን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይዞራል። ይህ ሕግ ብዙ ልጅ ከክፉ ቃል ሲያድን አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ግን ጉድ ሠራን።

ናሆም ወደ እኛ የመጣው በዐሥራ አራት ዓመቱ፣ ከእናቱ ከሮማን ጋር ነው። ሲወለድ ሴት ተብሎ የተመዘገበ ልጅ ነው፤ የቀድሞ ስሙን አልጽፈውም፣ አይወደውም። ሮማን ዌሪቢ አጠገብ አትክልት በሚታሸግበት መጋዘን ትሠራለች። አባቱ ታምራት ያራቪል፣ ወደቡ አካባቢ፣ ኮንቴይነር በሚጫንበት ግቢ የማታ ፈረቃ ይሠራል። የሚኖሩት ኖርዝ ሜልቦርን፣ ከረጃጅሞቹ የመንግሥት ሕንፃዎች በአንዱ ነው። ሮማን እኔን ስታይ መጀመሪያ ልትመለስ ነበር፤ ሐበሻ ካለ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል ብላ። «ሮማንዬ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሕመምተኞቼን አላውቅም። አንቺም ሰላም ካላልሽኝ አልቀየምም» አልኳት። እንደዚያው ኖርን፤ በአንድ አጥር ግቢ እየተሳለምን ለሁለት ዓመት ሰላም አልተባባልንም።

ልጁ ቀስ እያለ ተናገረ። ከአባቱ ጋር የሚዋደድ ልጅ ነበር። ታምራት ቅዳሜ ጠዋት ከፈረቃ ሲመለስ ናሆም ይጠብቀዋል፣ አባት እንቁላል ይጠብሳል፣ ሁለቱ ከአንድ ሳህን ይበላሉ፣ ስለ ፉቲ፣ ስለዚህ አገር ኳስ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ከዚያ አባት ይተኛል። «ዛሬ ከማን ጋር በላህ?» ስለው ቅዳሜ ቅዳሜ መልሱ አንድ ነበር። አባትየው ግን ምንም አያውቅም። የፀጉሩን ማጠር፣ የልብሱን ሰፊነት የዘመኑ ልጆች ነገር አድርጎ ነው የያዘው።

ከዓመት በላይ ከተነጋገርን በኋላ ሐኪሞቹ ስለ መድኃኒት ማሰብ የሚቻልበት ደረጃ ላይ ደርሰናል አሉ። በዚህ አገር ሁለቱም ወላጆች መስማማት አለባቸው፤ ካልተስማሙ ሐኪሞቹ በራሳቸው አይወስኑም፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ናሆምን ያስጨነቀው ግን ፍርድ ቤቱ አይደለም። «ሲስተር፣ ዳድ ካልሰማ እኔ ምንም አልፈልግም» አለኝ። «ግን ሲሰማ ይሞታል። ሲሪየስሊ፣ ይሞታል።»

ታምራትን ክሊኒክ እንዲመጣ ብንጠራው ምክንያቱን ሳያውቅ አይመጣም። ሮማን ብቻዋን ልትነግረው ፈራች። በኛ ወግ ከባድ ነገር ሲኖር ሰው ብቻውን አይናገርም፣ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። ሮማን ታምራት እንደ አባቱ ለሚያያቸው ለጋሼ ወርቁ ነገረቻቸው፤ ጋሼ ወርቁ ሌሎች ሁለት ሰዎች ጨመሩ። እኔም ስለ ሕክምናው የሚጠየቅ ካለ እንድመልስ ለመነችኝ። ናሆምን ጠየቅሁት፣ እሺ አለ። ሞሪንን አማከርኳት፣ ቤተሰቡ የመረጠው መንገድ ከሆነ ሂጂ፣ ልጁ ግን እዚያ እንዳይሆን አለች። ስለዚህ ናሆም አርብ ማታ አክስቱ ቤት እንዲያድር ተደረገ። ሰዓቱን የመረጡት ሽማግሎቹ ናቸው። ታምራት የሚገኘው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከፈረቃ ገብቶ ሳይተኛ ነው። እነሱም ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለሚያልፉ ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። ጋሼ ወርቁ ላይ ጥቁር ካፖርት ነበር።

እስቲ አስቡት። ጎሕ ሲቀድ፣ ነጠላ የለበሱ ሽማግሎች፣ ሳይነገረው ቤቱ ገብተው የተደረደሩ። አገራችን መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ዐምስታችንም ቀብርና መርዶ ስንወጣ ስንወርድ ያረጀን ሰዎች ነን፣ ከዐምስታችን አንዱ እንኳ ልብ አላለም። ለደግ ነገር የመጣን ስለመሰለን በሱ ዓይን ራሳችንን አላየንም።

ታምራት ቁልፉን አዙሮ ገባ። ቢጫ የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ፣ የምሳ ቦርሳውን ይዞ። እኛን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ።

«ማን ነው?» አለ። «እማማ ናቸው?» እናቱ ደሴ ታመው ነበር።

ጋሼ ወርቁ ተነሱ። «እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉት።

ከዚህ የከፋ ቃል በዚያ ሰዓት አልነበረም። ታምራት ሮማንን አየ፤ ዓይኗ ቀልቷል። ከዚያ እኔን አየ። በማኅበረሰቡ ዘንድ እኔ የልጆች ሆስፒታሏ ሲስተር ነኝ። ከዚያ ዞር ብሎ የልጁን ክፍል አየ። በሩ ክፍት ነው፣ አልጋው ተነጥፏል፣ የለም።

ቦርሳው ከእጁ ወደቀ። የጮኸውን ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ። ደረቱን እየደቃ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ልጄን፣ ልጄን ይላል። ሁላችንም አንድ ላይ ስለተናገርን ማንንም አልሰማም። ሮማን ላዩ ላይ ተደፍታ «አለች፣ በሕይወት አለች፣ እህቴ ቤት ናት» ትላለች፣ እሱ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ የሆነ ነገር ያጉተመትማል። በመጨረሻ ስልክ ደውዬ ጆሮው ላይ ለጠፍኩት። ናሆም ከእንቅልፉ ተነስቶ «ዳድ? ዋት ሃፕንድ?» ሲል ለእኛም ተሰማን። ታምራት ድምፁን ሰማ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

እዚያ ላይ ብንተወው ኖሮ፣ ለዛሬ ይብቃን ብለን ብንወጣ ኖሮ እላለሁ። እሱ ግን ፊቱን ጠርጎ ተነሳና፣ «ታዲያ ምን ልትሉኝ ነው በዚህ ጠዋት የተሰበሰባችሁት?» አለ። ጋሼ ወርቁም የመጡበትን ነገር ተናገሩ። ላባቸው እየወረደ፣ እየተንተባተቡ፣ «እንግዲህ ከሞት ያነሰ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን በል» እያሉ።

ታምራት እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ በሩን ከፈተ። «ልጄ ሳትሞት መርዶ ይዛችሁብኝ መጣችሁ» አለ። «ውጡልኝ።»

ሊፍቱ እስኪመጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመን አንዳችን ሌላችንን አላየንም።

ሰኞ ለሞሪን ነገርኳት። መርዶ ምን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነገር፣ ማን እንደሚናገር አስረዳኋት። «ልጁን ከአባቱ የመጀመሪያ ቃል ልናድነው ብለን፣ አባትየው ልጁን በዓይኑ ማየት ሲያስፈልገው አልነበረም» አለች። «ሕጉ የእኔ ነው። ከእንግዲህ ልጁ ከጎን ባለው ክፍል ይሁን። በሩ ይዘጋ፣ ግን እዚያው ይሁን።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያ ነው የሠራነው።

ለናሆም ግን ዘገየ። ታምራት ልጁን አልመታም፣ አልሰደበም። ዝም አለ። ክሊኒኩ ሲደውልለት በምንም ነገር አልስማማም ብሎ ዘጋ። ቅዳሜም ፈረቃ ወሰደ፤ ምሳውንም ራቱንም ግቢው ውስጥ፣ መኪና ላይ ይበላል። ቤት ሲመጣ እነሱ የሉም ወይ ተኝተዋል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። ናሆም ትምህርት ቤት መሄድ ተወ። በየሳምንቱ እደውልለት ነበር።

«ዛሬ ከማን ጋር በላህ?»

«ፋይን ነኝ፣ ሲስተር።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

«ብቻዬን።» ቀጥሎም፣ «ሲስተር፣ ዳድ የሞትኩ ሲመስለው አለቀሰ አይደል? አሁን አለሁ። አሁን አያናግረኝም» አለ። ስልኩን ዘግቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በሙያዬ ዘመን ልጅ ሲሞት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቃል ግን ያደከመኝ የለም።

ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም ሊያልፍ ነው። ሞሪን ጡረታ ወጥታ ወደ አገሯ ወደ ገጠር ሄዳለች፣ ዝቅተኛዋን ወንበር እኔ ወርሻለሁ። አንድ ጠዋት የመቀበያዋ ልጅ ቀጠሮ የሌለው ሰው አለ አለችኝ። ብቅ ስል ታምራት በቢጫ ሰደርያው፣ ከወጣቶቹ መሀል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እስከ ወንበሩ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። «ደህና አደርክ፣ ታምራት» አልኩት። ተነስቶ ተከተለኝ።

ደኅናውን ወንበር ሰጠሁት። ዝቅተኛዋ ላይ እኔ ተቀመጥኩ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ያን ዕለት መሬት ላይ ወድቄ ምን እንዳልኩ ሰምተው ነበር?»

«አልሰማሁም።»

«ለገብርኤል ተሳልኩ። ሞታለች ብዬ ካመንኩ በኋላ ነው የተሳልኩት። እብደት ነው። 'ትኑርልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልጠይቅም' አልኩ። ከዚያ ድምጿን አሰሙኝ።» እጆቹን አያቸው። «ሰሞኑን የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ይፍቱኝ፣ ሳላውቅ ነው የተሳልኩት አልኳቸው። 'ምን ብለህ ነበር የተሳልከው?' አሉኝ። ነገርኳቸው። 'ታዲያ አሁን ምን እየጠየቅህ ነው?' አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«ስለ መድኃኒቱ እኔን አትጠይቀኝ፣ አላውቅም አሉ። ስለት ግን ስለት ነው አሉ።»

ከዚያ ጥያቄ አወረደብኝ። አጥንቱ፣ መውለዱ፣ ቢጸጸትስ፣ የኔ ጥፋት ነው ወይ፣ አገር ቤት ብንሆን ይመጣ ነበር ወይ። ሁሉንም በሞሪን ሦስት ሣጥን እየከፈልኩ መለስኩ። «አናውቅም» የሚለው ሣጥን ትንሽ አልነበረም። በመጨረሻ ቀና ብሎ አየኝና የፈራሁትን ጠየቀ።

«ካልተስማማሁ ትሞታለች?»

አዎ ብዬው ቢሆን ኖሮ እዚያው ይፈርም ነበር። ዓይኑ ላይ አየሁት። እንደዚያ ብለው ወላጅ የሚያስፈርሙ አሉ ሲባል እሰማለሁ።

«ታምራት፣ አንድ ጊዜ የውሸት መርዶ ይዤ ቤትህ መጥቻለሁ። ሁለተኛ አላመጣብህም» አልኩት። «ያንን ማንም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። መፈረም አለመፈረም ዛሬ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋገር፣ የፈለግኸውን ያህል ጠይቅ፣ ካላመንክ አትፈርም። የማውቀውን ግን ልንገርህ። ልጅህ ብቻውን ነው የሚበላው።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በቀጣዩ ሰኞ ለናሆም ስደውል፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ፣ «እንቁላሉን አሳረረው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ታምራት ከፈረቃ በቀጥታ እየመጣ፣ እንቅልፉን እየታገለ፣ ከሐኪሞቹ ጋር ለወራት ተቀመጠ። ተጨቃጨቀ፣ ተቆጣ፣ አንድ ጊዜም ጥሎ ወጥቶ ተመለሰ። በመድኃኒቱ ነገር ምን ላይ እንደደረሱ አልጽፍም፣ የእነሱ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ሳይሄዱ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ነው የወሰኑት።

እኔም ጡረታዬን ወጣሁ።

ዘንድሮ የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። ከቅዳሴው በኋላ ስለት ያላቸው ይቅረቡ ተባለ። አንዲት ሴት ለወንድሟ ከበሽታ መዳን ምንጣፍ አመጣች፣ እልል ተባለ። አንድ ተማሪ መኖሪያ ፈቃድ አግኝቶ ጧፍ አመጣ፣ እልል ተባለ። ከዚያ በወንዶቹ በኩል ሰው መንገድ ሲለቅ አየሁ። ታምራት ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጥላ ይዞ መጣ፣ የጥላውን ሌላ ጫፍ ናሆም ይዟል። ናሆም ነጠላውን እንደ ወንዶቹ አጣፍቷል። ከአባቱ ጎን፣ ከወንዶቹ መሀል ነው የመጣው። አካባቢዬ ጉምጉምታ ተሰማ። የሚያውቁት ያውቁታል፣ በሕፃንነቱ በሴቶቹ በኩል ከሮማን ቀሚስ ሥር ያዩት ናቸው። አንዲት ሴት ልጆቿን ይዛ ወጣች። ጋሼ ወርቁ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

ድምፅ ማጉያውን ሰጡት። ታምራት ንግግር የሚያውቅ ሰው አይደለም።

«ልጄ ሞተ ብዬ አልቅሻለሁ» አለ። «ገብርኤልን ይኑርልኝ አልኩ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም አልኩ።» ወደ ናሆም ዞረ። «ይኸው አለ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

ካህኑ ጥላውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። እዚህ ላይ ነው እልል የሚባለው። ማንም አላለም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያየን። ናሆም አንገቱን ሊደፋ ሲል፣ የአባቱ እጅ ጀርባው ላይ እንዳረፈ አየሁ።

በዚያ ግቢ ሕመምተኞቼን የማላውቅ መስዬ ስንት ዓመት ኖሬአለሁ። ድምፄም ደህና አይደለም፣ ልምዱም የለኝም። አፌን በእጄ ሸፍኜ ብቻዬን እልል አልኩ። ሮማን ከኋላዬ ተቀበለችኝ፣ ከዚያ አንዲት የማላውቃት አሮጊት፣ ከዚያ ሌሎቹ።